የትንሿ ጣት መረብ

ሴትዮዋ መቀመጥ አይሆንላትም። በቃ፣ አይሆንላትም። ሌላው መረብ ሠሪ በርጩማው ላይ ተደላድሎ፣ እግሩን ዘርግቶ ነው የሚሠራው። እሷ ግን የመረቡን ጫፍ ከበሩ ማጠፊያ ላይ ታስርና ወደ ኋላ እየተራመደች ትቋጥራለች። መረቡ በረዘመ ቁጥር እሷም እየራቀች ሄዳ፣ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ትገኛለች። ጎረቤቶቿ «እትዬ ወዲያወዲህ» ይሏታል። «የተቀመጠ ሰው ሲሸለም አላየሁም» ትላለች እንጂ አትቀየምም።

እንዲህ መቁነጥነጥ የጀመረችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ ሞታ ሦስት ዓመት ያልሞላው ወንድሟ እጇ ላይ ቀረ። ታቅፋው ስትቆም ዝም ይላል፣ ስትቀመጥ ያለቅሳል። ታዲያ ምን ታድርግ? እንደቆመች አሳደገችው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ጀልባ ይዞ፣ እሷ በሠራችው መረብ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያሰግራል። ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም።

የመረብ ቀዳዳ ዓይን ይባላል፤ እሷም ዓይኑን የምትለካው በጣቷ ነው። ሥራውን ስትጀምር አራት ጣቷን አስገብታ ነበር የምትቋጥረው። ትንሹ ዓሣ ሾልኮ ይሄዳል፣ ትልቁ ይቀራል፣ ሰዉም ይጠግባል። ያኔ ሐይቁ የብርማው ዓሣ ነበር። በኋላ የዓሣ ቢሮ ሰዎች ቶሎ የሚደልብ ነው ብለው ከሌላ ሐይቅ በበርሜል ሌላ ዓሣ አምጥተው ጨመሩ። ሰዉ «እንግዳው» አለው። ኧረ የምን እንግዳ! እንግዳ እንኳ ሰንብቶ ይሄዳል፤ ይሄኛው ቤቱን ወረሰ። ብርማው የሚበላውን የውሃ ሣር ቀድሞ ይግጣል፣ ዳርቻው ላይ የጣለውን እንቁላል ይለቅማል፣ ሲደልብ ደግሞ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። እዚያ የሚደርሱበት ባለ ሞተሮቹ ብቻ ናቸው። ሰውም ቢሆን አላረፈም። ብርማው እንቁላሉን የሚደብቅበትን ደንገል አጭዶ ጎመን ተከለበት።

ዓሣው ሲያንስ አስጋሪዎቹ መጡ። «እትዬ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጊልን፣ ለዘንድሮ ብቻ» አሏት፤ ሦስት ጣት አደረገችው። ጥቂት ዓመት ቆይተው አሁንም ለዘንድሮ ብቻ አሉ፤ ሁለት አደረገችው። ዘንድሮ የሚባለው ነገር ማለቂያ የለውም።

በዚህ ዓመት ደግሞ ወንድሟ ራሱ መጣና በሩን ተደግፎ ቆመ።

«በትንሿ ጣት ሥሪልኝ» አላት።

«በትንሿ ጣት? ውሃውን ራሱን ልታጠምደው ነው?»

«ቀልዱን ተይ። አንድ ወር ሙሉ ባዶ ጀልባ ነው የቀዘፍኩት። ይሄ ካልያዘልኝ ጀልባውን ሸጬ ድንጋይ መፍጫው ጋ እሄዳለሁ።»

ድንጋይ መፍጫው ያለበት ከተማ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ከዚያ የተመለሰ ሰው እንደሆነ ወይ ሳንባው አልቋል፣ ወይ ሌላ ቤት መሥርቶ ለመሰናበት ነው የመጣው። «አትሂድብኝ» ብላ ለመነችው። ወዲያው ክሩን መርፌው ላይ መጠቅለል ጀመረች።

ሦስት ቀን ሠራች። የተጠረገውን ቤት ደግማ ጠረገች፣ ሳይፈላ የድስቱን ክዳን አሥር ጊዜ ከፈተች፣ ተመልሳ ቋጠረች። ግማሹን ስታደርስ አላስችል አላት። «እስቲ በዚችው እንሞክር፤ እኔም እመጣለሁ» አለችው። ሠላሳ ዓመት መረብ ስትሠራ አንድም ቀን መረቧ ሲወጣ አይታ አታውቅም ነበር።

ጠዋት ወጡ። ከጀልባው ጫፍ እስከ ጫፍ ስትመላለስ፣ «እትዬ፣ እዚህ እንኳ ቁጭ በይ፤ ልታሰምጪን ነው» እያለ ይስቅባታል። መረቡን ጥለው ቆዩና ሳቡት። ሞልቷል! ወንድሟ እንደ ልጅ ፈነደቀ። አውራ ጣት የሚያካክሉ ብርማ ዓሦች ወለሉ ላይ ይንፈራገጣሉ። እሷም ደስ አላት፤ ቀረልኝ ብላ ደስ አላት።

እጇ ሥራ መፍታት ስለማይወድ ቢላ አንስታ አንዷን ሰነጠቀች። ሆዷ ውስጥ ቢጫ እንቁላል ጢም ብሏል። ሌላ ሰነጠቀች፣ ያው። አምስተኛዋም ያው ነው።

«ምነው?» አላት ወንድሟ። «ጫጩት ናቸው ብለሽ አዘንሽ እንዴ?»

«ጫጩት ቢሆኑማ ምን ነበረበት። እናቶች ናቸው።»

«ይቺን የምታክል?»

«ይቺን የምታክል። ልደግ ብላ የቆየችውን ሁሉ የእኔ መረብ ለቅሟታል። የተረፈችው ሳታድግ የቸኮለችዋ ናት።» ቶሎ እናት መሆን ምን እንደሆነ ለእሷ የሚነግራት ሰው አያስፈልግም።  መረቡን ከወለሉ ላይ ሰብስባ በዚያው ቢላ ትተረትረው ጀመር።

«እትዬ! አበድሽ እንዴ?»

«የቀረውንም አልሠራም።»

«ገበያው በፋብሪካ መረብ ተሞልቷል። እገዛለሁ።»

«ግዛ። በእኔ እጅ ግን አይሆንም።»

ተናዶ መቅዘፊያውን ጀልባው ውስጥ ወረወረው። «አትሂድ ብለሽ የለመንሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ። አሁንም አትሂድብኝ። ግን ወንድም ዓለም፣ ዘንድሮ እነዚህን ጨርሼ ባስቀርህ፣ ከርሞ ማንን ጨርሼ ላስቀርህ ነው?»

 ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ዓሦቹን በሁለት እጁ እያፈሰ ወደ ውሃው መመለስ ጀመረ። እኩሌቶቹ ዋኝተው ሄዱ፣ እኩሌቶቹ ተገልብጠው ተንሳፈፉ።

የፋብሪካውን መረብ አልገዛም። ጀልባውንም አልሸጠም፤ ጓሮዋ ውስጥ ደፍቶት በሳምንቱ ሄደ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችው። ሲሳፈር አላለቀሰችም፤ ቤት ስትደርስ ግን አለቀሰች፣ ምን ይደበቃል።

በማግስቱ አንድ አስጋሪ በሯ ላይ ቆሞ ትንሿን ጣቱን አሳያት። መርፌዋን ሳታስቀምጥ፣ «አልሠራም» አለችው።

«ምነው እትዬ፣ ለዘንድሮ ብቻ እኮ ነው። ለእኔ ስትይ።»

«ላንተ? እኔ እኮ ወንድሜን እምቢ ብዬ ነው የሸኘሁት» አለችው።