ግሌኒስ ፖህልነር ሞታ የተነፈሰችበት ፊልም

ግሌኒስ ፖህልነር በሰባ አንድ ዓመቷ የተገደለችው ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በፊት ነው። ገዳዮቿ ፊታቸው ላይ የድንች ጆንያ ያጠለቁ ሦስት ጎረምሶች ነበሩ። ገድለዋት ሲጨርሱ ተነሥታ ሻይ አፈላችላቸው።

ግሌኒስ ጎረቤቴ ናት። በእኔና በእሷ መካከል ያለው ሦስት ኪሎ ሜትር የስንዴ ማሳና አንድ የደረቀ የጨው ሐይቅ ነው፤ እኛ አገር ይህ ግድግዳ እንደ መጋራት ይቆጠራል። ባሏ ኤርቪን ከሞተ ወዲህ በጎቿን ብቻዋን ትጠብቃለች። ምላሷ ከመሸለቻ መቀሷ ይብሳል። ፓስተራችን እሷ የመጣች እሁድ ስብከቱን ያሳጥራል።

ላክላን የሚባል ልጅ ከከተማ አምስት ጓደኞቹን ጭኖ በሯ ላይ የቆመው በየካቲት፣ ሙቀቱ አርባ አንድ ዲግሪ በገባበት ሰሞን ነው።

«ቤትዎን ለአሥራ ሁለት ቀን ፊልም ብንሠራበት ብለን ነበር» አላት።

«ምን ዓይነት ፊልም?»

«ሰዎች ቤት ሰብረው ገብተው ቤተሰቡን የሚጨርሱበት።»

«ጫማችሁን ጠርጋችሁ ግቡ» አለችው።

ልጆቹ ድሆች ነበሩ። ደሙ የቆርቆሮ ቀይ ሥር ጭማቂ ነው። ሌሊት የሚባለው ሁሉ የተቀረጸው በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቶቹን ግሌኒስ ገለባ በምትሸፍንበት ጥቁር ላስቲክ ደፍነው ነው። በሦስተኛው ቀን፣ መጀመሪያ የምትሞተውን አሮጊት እንድትጫወት የተቀጠረችው ተዋናይት መንገድ ላይ ከካንጋሮ ጋር ተጋጭታ ቀረች። ላክላን ግራ ቀኙን ሲያይ ግሌኒስ ድንች ትልጣለች። በዚያው ተመለመለች።

ወጥ ቤቷ ወለል ላይ አጋድመው ቀይ ሥር አፈሰሱባት። እኔ የተሰበረ ወንበር ልጠግንላቸው ሄጄ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ዝንቡ በአንድ በኩል፣ የላክላን ልመና በሌላ በኩል።

«እባክዎ አይተንፍሱ!»

«አንተ ልጅ፣ ሰባ አንድ ዓመት ስተነፍስ ኖሬ ዛሬ ላንተ ብዬ ልተወው?»

ስድስት ጊዜ ሞተች። ስድስቱንም ተነፈሰች።

ፊልሙ አልቆ በመስከረም፣ ላክላን ለምስጋና ብሎ በመንደራችን አዳራሽ አሳየን። ሕዝቡ ነቅሎ መጣ። ገዳዮቹ የፊት በሩን በመጥረቢያ መፍለጥ ሲጀምሩ፣ ትራክተር ጠጋኙ ኔቪል ከኋላ ጮኸ። «በጓሮ ዙሩ እንጂ እናንተ ጅሎች! ክፍት ነው!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የቤቱን እመቤት የምትጫወተው ተዋናይት ፖሊስ ለመጥራት ስልኳን ስታወጣ ደግሞ፣ «እዚያ ቤት ስልክ ሠርቶ ያውቃል? ጣሪያ ላይ ውጪ!» አላት። ግሌኒስ ተወግታ ስትወድቅ ግን ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ከዚያ ሆዷ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ።

«ተመስገን! ተርፋለች!» አለ ኔቪል።

መብራት ሲበራ ላክላን በር ሥር ቆሟል፤ ፊቱ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ግሌኒስ ሄደችና ክንዱን ያዘችው።

«ምን ሆንክ?»

«አንድ ሰው እንኳ አልፈራም።»

«እኛማ ቤቱን እናውቀዋለን። የማያውቁት ይፈሩ ይሆናል» አለችው። በጉርብትናችን ዘመን ሁሉ ለሰው ስታዝን ያየኋት ሁለቴ ነው፤ ይህ አንዱ ነው።

የማያውቁትም አልፈሩም። ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ በወጣ በሳምንቱ ግሌኒስ ስልክ ወደሚሠራበት ወደ እኔ ቤት መጣችና የተመልካቹን አስተያየት ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «አንድ ኮከብ፤ ሬሳዋ ትተነፍሳለች።» ሳቀች። «ሁለት ኮከብ፤ ሁለቱም ለውሻው።» «ይገባዋል» አለች፤ ፊልሙ ውስጥ የገባው ውሻ የራሷ ነው። «ከገዳዮቹ ይልቅ መጋረጃው ያስፈራል።» ይኼኛው ትንሽ ቆነጠጣት፤ የሰፋችው ራሷ ናት። ቀጥሎ የመጣው ይህ ነበር፦ «በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ምድረ በዳ ላይ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት አለች ብሎ ማን ያምናል?»

ግሌኒስ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች፤ አጠለቀችው፣ ደግሞ አወለቀችው።

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

«አለሽ እንጂ።»

«ስልኩን ወዲህ በል።»

በአንድ ጣቷ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስትጽፍ ሁለት ኩባያ ሻይ ጠጣሁ። የጻፈችው እንዲህ ይላል። «አሮጊቷ እኔ ነኝ። አለሁ። የተነፈስኩት ስላለሁ ነው። የመጋረጃውን ቀለም የመረጠው ባሌ ነው፤ ዓይኑ ደካማ ነበር፣ እኔንም የመረጠኝ እሱ ነው። ፊልሙ ደካማ ነው፤ ልጆቹ ግን ዕቃ አጥበው ነው የሄዱት። ሦስት ኮከብ።»

ይህ ጽሑፍ ከፊልሙ በላይ ተነበበ። ሰዎች ፊልሙን ለትንፋሿ ሲሉ ማየት ጀመሩ፤ አንዱማ ስንት ጊዜ እንደተነፈሰች ቆጥሮ አሥራ አንድ ብሏል።

በመጨረሻም ወደ ቤቷ መጡ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብሪዮኒና ሳንጄቭ የሚባሉ ባልና ሚስት ስድስት ሰዓት ነድተው፣ ለፎቶ ብለው ጆንያ አጥልቀው፣ በጓሮ በር ብቅ አሉ። ግሌኒስ ያን ጊዜ ምጥ የጠናባት በግ ላይ ተንበርክካ፣ እጇ እስከ ክርኗ በጓ ውስጥ ነበር።

«ያንን ነገር አውልቁና እግሯን ያዙልኝ!»

«እመቤት፣ እኛ የመጣነው...»

«ትይዛላችሁ ወይስ ትሞትብኝ?»

ብሪዮኒ ተንበርክካ ያዘች። ሳንጄቭም፣ «አይዞሽ፣ እኔ እንዲህ ያለ ደም የሞላበት ፊልም አራት መቶ አይቻለሁ» እያለ ጎንበስ አለ፤ ግልገሉ ሲወጣ ግን ዓይኑ ተገለበጠና አፈር ላይ ተዘረጋ። ግሌኒስ ግልገሉን አገላብጣ አፍንጫውን ጠረገች፣ ቀጥላ የሳንጄቭን ፊት በዚያው ጨርቅ ጠረገች። ሁለቱም ነቁ።

እኔ ስደርስ ወጥ ቤት ተቀምጠው ቀዝቃዛ የበግ ሥጋ በዳቦ ይበላሉ።

«እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ፊልሙ አስፈራችሁ?» አለቻቸው።

ብሪዮኒ አመነታች። «አንድ ቦታ ብቻ። የወጥ ቤቱን በር ከፍተው ጆንያ ያጠለቁትን ሰዎች ሲያዩ፣ ፈገግ ብለው 'ግቡ' ይላሉ። እዚያ ጋ አለቀስኩ። እንዴት ብለው ተጫወቱት?»

«ምኑን ነው የተጫወትኩት? ጩኺ ተብዬ ነበር፤ ረሳሁት። ሰው ሲመጣ ሌላ ምን ይባላል?»

ብሪዮኒ የሥጋውን ሳህን ወደ እኔ ገፋችው። እኔም ተጨማሪ ዳቦ ቆረስኩ።

ላክላን ሁለተኛ ፊልም ሊሠራ በመጋቢት ይመጣል። በዚህኛው ገዳይዋ ግሌኒስ ናት። የላከላትን ጽሑፍ ማሳው ዳር ቆማ አነበበችልኝ፤ በአንድ መጥረቢያ አሥራ አራት ሰው ትጨርሳለች። ወዲያው ደወለችለት። «አሥራ አራት? ወገቤን ማን ሊያሽልኝ ነው?» ብላ ተከራከረችና ወደ ስድስት አስወረደችው። ከስድስቱ አንዱ ኔቪል እንዲሆን ደግሞ ራሷ ለመነች።