ከደሴ ወጥቼ ሐዋሳ ላይ ጃቫ ስማር

ከደሴ የምወጣበት ዋዜማ ማታ ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። እናቴ ሻንጣዬን ትከፍታለች፣ አንድ ነገር ትጨምራለች፣ ትዘጋለች፣ ደግሞ ትከፍታለች። በሶው ገባ፣ ዳቦ ቆሎው ገባ፣ በመጨረሻ ወፍራሙን ሹራቤን ልትጠቀጥቅ ስትታገል፣ «እማየ፣ ሐዋሳ እኮ ሙቀት ነው» አልኳት።

«ቀን የሚሞቅ አገር ማታ ይበርዳል» አለች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ! ሹራቡ ገባ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በዚያ ማታ ሥራ ሳይኖረው የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን በባዶው ይረግጣል።

«ሐዋሳ ማን አለሽ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ቤዛ አለች።»

«ከቤዛ ሌላ?»

«ሐይቁ አለ።» ላስቀው ብዬ ነበር። አልሳቀም።

ቤዛ የኮሌጅ ጓደኛዬ ናት። አግብታ ሐዋሳ ገብታ፣ አንድ የግል ማሰልጠኛ ውስጥ ጸሐፊ ሆናለች። እኔ ደሴ የማስተምርበት የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ተዘግቶ ቤት ከዋልኩ ቆይቻለሁ። እነሱ ጋ የመሠረታዊ ኮምፒውተር አስተማሪ እንደሚፈለግ ስትነግረኝ፣ ሳላስበው «እመጣለሁ» አልኳት። አባቴ ግን ሴት ልጅ ዘመድ የሌለበት አገር መሄዷ አልዋጥልህ ብሎታል። ልተኛ ስነሳ፣ «ካልሆነልሽ ቶሎ ተመለሽ። ማንም አይስቅብሽም» አለኝ። በፍቅር ነው ያለው፣ አሁን ይገባኛል። ያን ማታ ግን እንደ ፉክክር ነው የሰማሁት። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ተሸንፌ አልመለስም ብዬ ተኛሁ።

እናንተ ደሴ ያላችሁ፣ ስለ ሐዋሳ የሚነገራችሁን እመኑ። የጦሳ ተራራን ጭጋግ የለመደ ሰው መናኸሪያ ሲወርድ አንድ ሰው ትኩስ ፎጣ ፊቱ ላይ የጣለበት ነው የሚመስለው። ከተማው ሜዳ ነው! መንገዱ ዝርግ፣ ዛፉ ብዙ፣ ሰዉ ደግሞ አይቸኩልም። እኛ አገር ዳገት ስንወጣ የምናጠፋውን ትንፋሽ እዚህ ሰላምታ ላይ ያውሉታል። ታቦር የሚባለው ኮረብታ ስር ስደርስ ብቻ ጉልበቴ አገሩን አገኘ።

መጀመሪያ የተጣላሁት ከቀበሌ ጋር ነው። መሸኛዬን ይዤ ገባሁ። መነጽር ያደረገ ሰውዬ ተቀበለኝ።

«የዚህ ነዋሪ ነሽ?»

«ልሆን ነው የመጣሁት።»

«ለመሆን የቤት ውል ያስፈልጋል።»

«አከራይዋ ደግሞ ለመዋዋል የዚህ ቀበሌ መታወቂያ አምጪ ብለውኛል።»

«ልክ ናቸው።»

«እርስዎስ?»

«እኔም ልክ ነኝ።»

«ታዲያ ማነው ልክ ያልሆነው?»

መነጽሩን አውልቆ በሐዘኔታ አየኝ። «እስካሁን ሳየው፣ አንቺ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ደሴ ስለው ፊቱ በራ፣ ተነስቶ ጨበጠኝና «ዳኤ ቡሹ!» አለኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ማለት እንደሆነ የነገረችኝ ቤዛ ናት። እንዲህ በሞቀ ሰላምታ ባዶ እጄን የተሸኘሁበት ቢሮ የለም።

አከራይዋ እትዬ ሩት ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ታቦር ላይ ግቢ ያላቸው፣ እሑድ ቸርች የማይቀሩ ሲዳማ ናቸው። አማርኛቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም የለውም።

«ካውያ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ምድጃ?»

«ትንሽዬ።»

«ኮምፒውተር?»

«አዎ፣ ላፕቶፕ።»

«እሱ መብራት ምን ያህል ይበላል?»

«በጣም ትንሽ ነው፣ እትዬ።»

«በፊት የነበረው ልጅም ስለ ፍሪጁ እንደዚህ ብሎኝ ነበር» አሉና ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ አሳዩኝ። «ክፍሉ ብዙ ነው። ቆጣሪው አንድ ነው። እንዳትረሺ።» የቀበሌውን ነገር ስነግራቸው ነጠላቸውን ለበሱ፣ አብረውኝ ሄዱ፣ ከሰውዬው ጋር በሲዳምኛ ትንሽ አወሩ፣ ሳቁ፣ ውሉም መታወቂያውም በአንድ ጠዋት አለቀ። ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ሥራው ጥሩ ነበር። ማውስ አያያዝ፣ ጽሑፍ አጻጻፍ፣ ሠንጠረዥ አሠራር አስተምራለሁ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሴ ቢሯቸው ጠሩኝ። ጃቫ የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚያስተምረው ልጅ ውጭ አገር ዕድል አግኝቶ ሄዷል፤ ተማሪዎቹ ተመዝግበው እየጠበቁ ነው።

«ጃቫ ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ጥሩ። እስከሚቀጥለው ወር ትችያለሽ።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለዱም። ያ ክፍል ከተበተነ ማሰልጠኛው ኪራዩን እንደማይችል፣ ከተዘጋ ደግሞ ሁላችንም እንደምንበተን ቁጭ አድርገው ነገሩኝ። ያን ጊዜ የታየኝ ሻንጣዬ ነው፤ ከነሹራቡ ደሴ መናኸሪያ ቆሞ። «እሞክራለሁ» አልኩ።

መጽሐፍ የለ፣ አስተማሪ የለ። ያለው ቪዲዮ ነው። ቤቴ ኢንተርኔት ስለሚጎተት ማሰልጠኛው ውስጥ አወርድና ከሰዓት በረንዳዬ ላይ አያለሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት አስተማሪ ሕንዳዊ ነው። ደግ ሰው ነው መሰለኝ፣ ድምፁ ያስታውቃል፤ ግን እንግሊዝኛው እንደ ቁልቁለት ባቡር ነው፣ አቁሜ ወደኋላ ካልመለስኩት አልደርስበትም። እሱን እየመለስኩ እየደጋገምኩ ቫሪያብል ገባኝ፦ ቁጥር ወይም ቃል የሚቀመጥበት ሣጥን ነው። ክላስ ገባኝ፦ ንድፍ ነው። ኦብጀክት ገባኝ፦ በንድፉ የተሠራው ዕቃ ነው። አባቴ አንድ የኮት ልክ ወረቀት ላይ ቆርጦ ስንት ኮት ይሰፋበት የለ? ያው ነው ብዬ ተደሰትኩ።

ስታቲክ የሚባለው ቃል ላይ ስደርስ ግን ተገተርኩ።

ተማሪ የሚል ክላስ ሠራሁ። በውስጡ ስም እና ብዛት አደረግሁ። አንድ ተማሪ በተፈጠረ ቁጥር ብዛት በአንድ ይጨምር አልኩ። ሦስት ተማሪ ፈጠርኩና ስንት ሆናችሁ ብዬ ብጠይቅ፣ ሦስቱም እየተነሱ «አንድ» አሉኝ። ሕንዳዊው እንዳደረገው ብዛት ፊት ስታቲክ የሚል ቃል ጨመርኩ። ሦስት አለ። ሠራ! ለምን እንደሠራ ግን ብትገድሉኝ አላውቅም። ያልገባኝን ነገር ሰው ፊት ቆሜ እንዴት ነው የማስተምረው?

ፍለጋ ስቀጥል በአማርኛ የሚያስተምር አንድ ልጅ አገኘሁ። ከፈትኩት። «እህሳ፣ ደህና ናችሁ ወገኖች?» ብሎ ጀመረ።

እህሳ! የኛው አገር ልጅ! ከጀርባው አንዲት ሴት «ምሳህ ቀዘቀዘ ሆድየ» ስትለው ይሰማል፤ እሱ አፍሮ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ ስታቲኩን ትቼ ያቺን ሴትዮ መልሼ መላልሼ አዳመጥኩ። አለቀስኩ ልበላችሁ? አለቀስኩ፣ ሳቅኩም። ሐዋሳ ላይ ዓሣ ቁርጥ በዳጣ በልቻለሁ፣ ቆጮ በክትፎ በልቻለሁ፣ ምግብ አላጣሁም። ምሳሽ ቀዘቀዘ የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁት። ልጁ ስለ ስታቲክ ያለው አንድ ነገር ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፦ «የክላሱ ነው እንጂ የኦብጀክቱ አይደለም።» ቃሉ ገብቶኛል፣ ነገሩ አልገባኝም።

በማግስቱ ከሰዓት ይህንኑ እያሰብኩ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ላፕቶፑን የሰካሁበት መብራት ድርግም አለ። የግቢው በሙሉ ጠፋ። ፊት ለፊቴ ያለው የባጃጅ ሹፌር ከክፍሉ ወጣ፣ ከጎኔ ያሉት ነርሶች ወጡ፣ እትዬ ሩት ከዋናው ቤት ወጡ። ቆጣሪው በካርድ የሚሞላ ነው፤ ካርዱ አልቋል።

«ማነው የጨረሰው?» አሉ እትዬ ሩት።

«እኔ አንድ አምፖል ነው ያለኝ» አለ ሹፌሩ።

«እኛም አንድ አምፖል ነው» አሉ ነርሶቹ።

«እኔም አንድ…» ብዬ ልጀምር ስል አፌ ተከፍቶ ቀረ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ! ላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ተማሪዎቼ! ሁላችንም የየራሳችንን አምፖል ብቻ እየቆጠርን ነው። ድምሩን የሚያውቀው ግድግዳው ላይ ያለው ነው፤ እሱ ደግሞ የማናችንም ክፍል ውስጥ አይደለም። የግቢው ነው።

«የክላሱ ነው እንጂ የኦብጀክቱ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

ሹፌሩ ነርሶቹን አየ፤ ነርሶቹ እኔን አዩ፣ አንዷ ግንባሬን ልትነካ እጇን ዘረጋች።

ካርዱ ተሞልቶ መብራት ሲመጣ እትዬ ሩት ወንበር ይዘው መጡ። «ምን ሆነሽ ነው የጮህሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ትምህርቱን ሰው ላይ መለማመድ ነበረብኝና ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ግቢውን ክላስ፣ ክፍሎቹን ኦብጀክት አድርጌ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ታዲያ ተከራይ ባይኖርስ? ቆጣሪው አለ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ላፕቶፑ ላይ አንድም ተማሪ ሳልፈጥር ክላሱን በስሙ ጠርቼ ብዛት ስንት ነው አልኩት። ዜሮ ብሎ መለሰ። ማንም ሳይኖር እሱ አለ!

«አለ፣ እትዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ። ባሌ የሞተ ጊዜ ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ልጆቹም ሄደዋል። ቆጣሪው ግን ነበረ። ጠዋት ጠዋት እሱን አየው ነበር» አሉ። ወዲያው ሳቅ ብለው «ቀጥዪ፤ ሜተዱ ምንድነው ያልሽው?» አሉኝ። ስታቲክ ሜተድንም ተማሩ። ሜተድ ክላሱ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ስታቲኩ ደግሞ ኦብጀክት ሳይፈጠር በክላሱ ስም ብቻ የሚጠራው ነው፤ ነገር ግን የየክፍሉን ጓዳ በራሱ አያይም፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ ካልተነገረው በቀር። «እኔም ሰው ክፍል ሳላንኳኳ አልገባም» አሉ።

የመጀመሪያው የጃቫ ክፍል ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ክፍሉ ሙሉ ነው። አቶ ደምሴ ከኋላ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፣ ቤዛ በመስኮት ታያለች። ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያዋን ፕሮግራም ጻፍኩ። ገና ጠመኔውን ሳላስቀምጥ አንዲት የባንክ ሠራተኛ እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ ፕሮግራሙ የሚጀምርበት፣ ሜይን የሚለው ሜተድ ፊት ስታቲክ የሚል አለ። ለምንድነው?»

ይህችን ጥያቄ ከቪዲዮዎቹ በአንዱም አላየኋትም፣ ወይም ሳላስተውል ዘልያታለሁ። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ከዚያ እትዬ ሩት፣ ባዶ ክፍሎቻቸው ፊት ጠዋት ቆመው ታዩኝ።

«ፕሮግራሙ ሲጀምር ገና ማንም የለም» አልኩ ቀስ ብዬ፣ እያሰብኩ። «አንድም ኦብጀክት አልተፈጠረም። ታዲያ ጃቫ ማንን ይጥራ? ማንም ሳይኖር መጠራት የሚችል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሜይን የክላሱ መሆን አለበት።»

ልጅቷ ጻፈች። ሁሉም ጻፉ። አቶ ደምሴ እጃቸውን ፈቱና ቀስ ብለው ወጡ፤ በሩ ላይ ለቤዛ አውራ ጣታቸውን ሲያሳዩ አይቻለሁ። ክፍሉ አልተበተነም። እንዲያውም የባንኳ ልጅ ጓደኞቿን አምጥታ ሌላ ክፍል ተከፍቷል። ያን ዕለት ከቤዛ ጋር ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ወርደን፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን አስግገው እያዩን፣ የዓሣ ሾርባ በሚጥሚጣ ጠጣን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

አዲሱ ክፍል በተከፈተ ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት ደሴ ደወልኩ። አባቴ አነሳ። ሁሉንም ነገርኩት፦ ክላሱን፣ ጥያቄዋን፣ አዲሱን ክፍል።

«ያልሽው አንዱም አልገባኝ። ድምፅሽ ግን ጥሩ ነው» አለኝ።

«ጥሩ ነኝ፣ አባየ።»

«እና አትመለሽም ማለት ነው?»

ያን ሁሉ ቀን የጓጓሁላት ጥያቄ እሷ ነበረች። አልመለስም፣ ሆኖልኛል፣ ልለው ነበር የምፈልገው። አሁን ስትመጣ ግን አላልኩትም። እሱም አልደገማትም። ከጀርባው ድምፅ ይሰማል።

«እዚያ ጥሏል?» አለኝ።

«ፀሐይ ነው እዚህ።»

«እዚህ ያወርደዋል። ስሚ እስቲ» አለና ስልኩን ወደ ውጭ ሳያወጣው አይቀርም፤ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲደልቅ እንዳለ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። በረንዳዬ በሙሉ ዝናብ ሆነ።

እትዬ ሩት ከቸርች ሲመለሱ ሰምተው ቆሙ። ሰማዩን አዩ፤ ጥርት ያለ ነው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ዝናብ ነው፣ እትዬ።»

«የት?»

«እኛ ቤት።»

ተጨማሪ አልጠየቁም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፣ ሁለታችንም እስኪያባራ ጠበቅን።