በስመ አብ የተባረኩት ቀለሃዎች

በዚያ የሰኔ ቅዳሜ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ሳያባራ ዋለ። የስቶክሆልም ዝናብ እንደ አገር ቤቱ ዶፉን አውርዶ አይለቅም፤ ሥራ እንደሌለው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውላል። ደምመላሽ ጫካው መሀል ባለው የተኩስ ሜዳ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆሞ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስደግፏል። ከፊቱ በሐዲድ ላይ የሚሮጥ የኤልግ ሥዕል አለ። ኤልግ ፈረስ የሚያህል፣ ቀንዱ እንደ አካፋ የተዘረጋ የዚህ አገር የዱር እንስሳ ነው። ሥዕሉ ሮጠ፤ ደምመላሽ ተኮሰና ሳተ። ሥዕሉ ተመልሶ ሮጠ፤ አሁንም ሳተ።

«ቃታውን ስትስብ ዓይንህን ትጨፍናለህ» አለችው ቲና።

«አልጨፍንም።»

«ትጨፍናለህ እንጂ። ምን እያሰብክ ነው?»

«ዋጋዋን» አላት።

ቲና ሳቀች። እሱ ግን እውነቱን ነበር። የጥይት ዋጋ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አልቀመስ ብሏል። ሻጮቹ ምክንያቱ የአውሮፓው ጦርነት ነው ይላሉ፤ ጦርነቱም ባይሆን ሌላ ምክንያት አያጡም። ደምመላሽ ያለችውን ጥይት ለአደን ቀን እያለ ስለሚቆጥብ ልምምዱን ትቶ ከርሟል። ያልተለማመደ እጅ ይስታል። ሲስት የባከነችው ጥይት ታንገበግበዋለች፤ እየተንገበገበ የሚተኩሳት ቀጣይዋም እንደዚያችው ትባክናለች።

ቲና ዮርድብሩ በሚባል የከተማው ዳር ሰፈር ባለ መጋዘን አብራው ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የምትነዳ ስዊድናዊት ናት፤ የአደን ቡድኑም መሪ እሷ ናት። ወደ ጫካው የወሰደችውም እሷው ናት። መጀመሪያ ለዓመታት ሥራው በዛፎቹ መሀል እየጮኸ አውሬ ማስነሳት ነበር። በኋላ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ጠመንጃ ይዞ የሚቀመጥበት የራሱ ቦታ ተሰጠው፤ አንዲት ትልቅ ጥድ ሥር። ደምመላሽ በስደት ከመጣ ጀምሮ የሰጡትን አልጋ፣ የሰጡትን ቤት፣ የሰጡትን ሥራ እየተቀበለ ነው የኖረው። ያቺን ጥድ ግን ራሱ ለፍቶ አገኛት።

«የቡድኑ የተኩስ ፈተና እንደ ዓመቱ ሁሉ በነሐሴ አጋማሽ ነው» አለች ቲና። «ካላለፍክ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ። አንተ ወደ ጩኸትህ ትመለሳለህ። ለወንድሜም ቢሆን ያው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ጎንበስ በልና ቀለሃህን ልቀም። አትጣለው፤ እንሞላዋለን።»

ቀለሃ ጥይቷ ከተተኮሰች በኋላ የሚቀረው የናስ ቅርፊት ነው። የጥይት ውዱ ነገር እሱ ነው። ታጥቦና ተስተካክሎ አዲስ መለኮሻ፣ አዲስ ባሩድና አዲስ እርሳስ ሲገባለት እንደገና ጥይት ይሆናል። የቲና አባት ሲሞቱ መሙያ መሣሪያቸውን ጋራዥ ውስጥ ትተውላታል። ደምመላሽ በዝናብ በራሰው መሬት ላይ ተንበርክኮ ለቀመ።

ኖርስቦሪ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ባዩሽ በር ላይ ጠበቀችው።

«ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

«ቀለሃ ነው።»

«ሰው ጠርሙስ ለቅሞ ሱቅ መልሶ ገንዘብ ይቀበላል። አንተ ደግሞ ቀለሃ?»

ነገሩን አስረዳት። ባዩሽ የኤልግ ሥጋ በልታ አታውቅም። በሥላሴ ስም ያልታረደ ሥጋ ድስቴ ውስጥ አይገባም ብላ ቁርጥ አድርጋለች። ስለዚህ የደምመላሽ ድርሻ በየዓመቱ የሚወርደው ከሥር ፎቅ ላለው ለጴንጤው ለተገኝ ነው። ተገኝም ሥጋውን ሲቀበል «ጋሽዬ፣ እርስዎ ይግደሉ እንጂ መባረኩን ለእኔ ይተዉት» ማለት ልማዱ ነው።

«አሁንማ ጥይቷን ራሴ ልሞላት ነው» አላት ደምመላሽ። «እያንዳንዷን በስመ አብ ብዬ ነው የምሞላት። አውሬው የሚወድቀው በስሙ ነው።»

«ጥይት ቢላዋ ነው እንዴ?»

«ቢላዋውም ወዲያው ይከተላል። ደሙን አፈሳለሁ።»

ባዩሽ አንዱን ቀለሃ ከኪሱ አውጥታ አገላበጠችው። እሷ ነገር ማገላበጥ ከጀመረች ግማሽ መንገድ መጥታለች ማለት ነው።

ጥይት ለመሙላት በተቃጠሩበት በመጀመሪያው ሐሙስ ማታ፣ ቲና ጋራዥ ውስጥ ቀለሃዎቹ ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ደምመላሽ በመጀመሪያዋ ውስጥ ባሩድ ጨመረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አማተበ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለ። እንዲህ እያለ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዓይኑን ሲገልጥ እጁ የት ላይ እንደነበረ ጠፋው። ይችን ሞልቷታል ወይስ አልሞላትም? ጥቂት አሰበና ጨመረባት። ከዚያ ተጠራጠረ።

«ቲና፣ አንዷ ላይ ሁለት ጊዜ ሳይገባባት አልቀረም።»

የቲና ፊት ተለወጠ። «የትኛዋ ላይ?»

«እግዜር ይወቅ።»

ቲና ጣውላውን አንስታ ሁሉንም ገለበጠችው። «ሁለት ጊዜ የተሞላች ጥይት ጠመንጃውን ፊትህ ላይ ታፈነዳዋለች። እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይወራም ብዬሃለሁ። ስልክ አይነሳም፣ ሬዲዮ አይከፈትም።»

«እኔ መች አወራሁ? ጸለይኩ እንጂ።»

«እሱም አይቻልም። ዓይን እየጨፈንክ ባሩድ አትነካም።»

ደምመላሽ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ባዩሽ ነገሩን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች «አንተ ድሮም ጸሎትና ሥራ አንድ ላይ አይሆንልህም። ሐሙስ እኔም እመጣለሁ» አለችው።

መጣችም። ለቲና የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ሰጠቻትና ከጠረጴዛው ማዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደምመላሽ አፉን ዘግቶ፣ ዓይኑን ገልጦ ሞላ። ቲና ባሩዱን በባትሪ እያበራች አየች። እርሳሱ ገብቶባት ያለቀችውን ጥይት ባዩሽ ተቀብላ አማትባባት ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠቻት።

«ምን እያለች ነው?» አለች ቲና።

«እየባረከች።»

«ያለቀችዋን ከሆነ ትባርክ። አንተ ግን አንዲት ቃል እንዳልሰማ።»

የስዊድን በጋ እንዲህ አለፈ። ሐሙስ ይሞላሉ፤ ቅዳሜ ደምመላሽ ይተኩሳል። ሲስት እንደ ቀድሞው አይንገበገብም፤ ቀለሃውን ለቅሞ ኪሱ ይከታል። ቀስ በቀስ ዓይኑም መጨፈኑን ተወ።

የፈተናው ቀን ከፍልሰታ ጾም ማግሥት ሆነ። ባዩሽም አብራ ሄዳ ከቆርቆሮው ሥር ቆመች። ደምመላሽ ትከሻውን ወጥሮ ከፈተናው የማትቆጠረውን የማሟሻ ጥይት ተኮሰና ሳተ። ጥዷ ከእጁ የወጣች መሰለው። ቲና ወደ መሬት አየች።

«እሷን እኔ አልባረክኳትም» አለች ባዩሽ ከኋላው። «ያን ሐሙስ ሲያስነጥሰኝ ነበር ያመሸው።»

ደምመላሽ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሲስቅ ትከሻው ላላ፤ ትከሻው ሲላላ እጁ ረጋ። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ በሮጠ ቁጥር መታው። ቲና ዒላማውን አይታ ስትመለስ ጀርባውን በመዳፏ መታ አደረገችውና «ጥዷ ያንተው ናት» አለችው።

በጥቅምት ጥዷ ሥር ተቀምጦ አንድ ኤልግ ጣለ፤ በሥላሴም ስም ደሙን አፈሰሰ። ባዩሽ የጽጌን ጾም ስለምትጾም ሥጋው ፍሪዘር ገባ። ጽጌ አልፎ የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ጠበሰችውና ቲናንም ተገኝንም ጠራች። ራሷ አንድ ቁራጭ በጥርጣሬ ቀመሰች።

«ከበሬ ሥጋ ይደርቃል» አለችና ደግማ አነሳች።

«እንግዲህ የእኔ ድርሻ ቀረ ማለት ነው» አለ ተገኝ።

ደምመላሽ አሁንም እዚያው ኖርስቦሪ ነው። ቀን ዮርድብሩ ፎርክሊፍቱን ይነዳል፤ ሐሙስ ማታ ከባዩሽ ጋር የቲና ጋራዥ ነው፤ በጥቅምት ደግሞ ጥዷ ሥር ይቀመጣል።