የእንዶድ አረፋና የከሰል ድቃቂ

በጃንሆይ ጊዜ ዳንግላ ዳር ስንኖር ባሌ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር፤ ወናፉን እኔ እነፋለሁ። የሠፈሩ ማረሻ ሁሉ በእጁ ያልፋል፣ እነሱ ቤት ግን አንገባም። ቡዳ ናችሁ ይሉናል። ለምደነው ነበር ብል ውሸት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይለመድም።

ከሰል ሲያጥረን፣ ከምናከስልበት ጉድጓድ ግርጌ ከአፈር የተደባለቀውን ድቃቂ እዝቃለሁ። ወንዝ ዳር በቆፈርሁት ጉድጓድ ውሃ ሞልቼ፣ የተወቀጠ እንዶድ ጨምሬ በዱላ እመታዋለሁ። አረፋው ጥቁሩን ይዞ ይንሳፈፋል፣ አፈሩ ይዘቅጣል። አረፋውን በወንፊት ገፍፌ፣ አድርቄ፣ በእበት ለውሼ አነድደዋለሁ። ደህና አድርጎ ይነዳል።

አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ የወረደች የጎረቤት ሚስት ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ።

«አረፋው ከሰሉን ይበላል፣ አፈሩን ይተዋል» አልኋት።

ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ተራ ወሬ ነበር። ከቀጥቃጭ ሚስት አፍ «ይበላል» ሲወጣ ግን ሌላ ነው። የተረፈው ጥቁር አረፋ ወንዙን ይዞ ወርዶ ኖሯል፤ በማግስቱ ከዚያው ወንዝ የጠጣች የሴትዮዋ ላም ሆዷ ተነፍቶ ሞተች።

ባሏ ወንድሞቹን አስከትሎ በዱላ መጣ።

«ሚስትህ በአፏ ተናግራለች። ላሜን በላችኋት» አለው ባሌን።

«እንዶድ እኮ ነው ወንድሜ፣ ጋቢህ የሚታጠብበት» ከማለቱ ዱላው ትከሻው ላይ አረፈ። ወደቀ። ቀኝ እጁን ብረት የሚመታበት መስፍ ላይ አጋድመው በገዛ መዶሻው ቀጠቀጡት። አጥንቱ ሲደቅ ሰምቻለሁ። ደሜ ፈላ። የጋለውን ብረት በጉጠት ከእሳቱ መዝዤ የሰውዬውን ክንድ ጠበስሁት። ጮኸ። አልራራሁለትም፤ ዛሬም አልራራለትም። ያን ጊዜ ጥለውን ሸሹ።

ወጌሻ የባሌን እጅ በቀርከሃ ስንጥር አሠረለት። ዝናብ ሲቃረብ የሠፈሩ ሰዎች የዶለዶመ ማረሻቸውን ይዘው ደጃችን ቆሙ፤ ሌላ ቀጥቃጭ ከየት ያመጣሉ? አፍረው እንኳ አላቀረቀሩም። ባሌ እሥሩን ፈትቶ መዶሻውን ሊያነሣ ሞከረ። ጣቶቹ አልታጠፉም። ደግሞ ሞከረ፣ መዶሻው እግሩ ሥር ወደቀ።

«አንቺ ምቺ» አለኝ፣ ወናፉን በግራ እጁ እየያዘ።

በአገራችን ሴት ብረት አትመታም። መታሁ። ፊቱን ወደ እሳቱ አዙሮ ሲያለቅስ ሰማሁት። ደጅ የቆሙት እንዳይሰሙት አጥብቄ መታሁ።