ጋሽ ሽኩር ያልቆረጡት ሸምበቆ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሽበቴን ልታጠቁርልኝ የፀጉር ቀለሙን ስትበጠብጥ ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው። «አክስቴ፣ አሞኒያው ነው፤ ትንሽ ታገሺ» አለችኝ። አሞኒያን ለኔ ታስተዋውቃለች! ዓይኔ ግን ቀለሙ ከታጠበም በኋላ ማንባቱን አልተወም።

ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ የጀመርኩት ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለ የቆሻሻ መቅበሪያ ነበር። ሰው «የት ነው የምትሠሪው?» ሲለኝ «መንግሥት ቤት» ብዬ አልፋለሁ፤ ኩራቴ አይጣል ነው። ከክምሩ ሥር አሞኒያው የሚሰነፍጥ፣ ናይትሮጅን የበዛበት ጥቁር ፍሳሽ ይወጣል። እሱን ጠጠር በተሞላ ሰፊ ገንዳ ላይ በተተከለ ሸምበቆ መሀል እናሳልፈውና ሲጠራ ወደ ወንዝ እንለቀዋለን። ከታች ሰው ከብት ያጠጣል፣ በርበሬ ያለማል።

ሸምበቆውን ከወንዝ ዳር እየነቀሉ አንድ በአንድ የተከሉት ጥበቃው ጋሽ ሽኩር ናቸው። ፊደል ብዙ አልቆጠሩም፤ ሥራውን ግን ከኔ ዲፕሎማ በላይ ያውቁታል።

«ልጄ፣ ሳር እንዳይመስልሽ» ይሉኝ ነበር። «አየር በአገዳው ወደ ሥሩ ይወርዳል። እዚያ ያሉት ዓይን የማያያቸው ፍጥረቶች በዚያ አየር ነው መርዙን የሚሰብሩት።»

ምሳቸውን፣ ቆጮ በጎመኑን፣ ሁልጊዜ ለሁለት ይቆርሱታል። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ እሳቸውን በጣም እወዳቸው ነበር።

መስቀል ደረሰ። እኛ ጋ ለመስቀል የማይጸዳ ነገር የለም፤ ደጁ፣ አጥሩ፣ በረቱ ሳይቀር። ጋሽ ሽኩር ልጃቸው ወልዳ ወልቂጤ ሄደዋል። ያን ግማሹ የደረቀ፣ የተንጋደደ ሸምበቆ ዓይኔ ጠላው። የቀን ሠራተኞች ጠርቼ ከጠጠሩ እኩል አሳጨድኩት። እንዴት አምሮ ነበር፣ ምን ልበላችሁ! በዓሉን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በማግስቱ ዝናቡ ወረደ፤ ቀናት አላባራም። ገንዳው ሞልቶ ጉቶውን ዋጠው። ሸምበቆው መተንፈሻ አጥቶ ሥሩ በሰበሰ፤ ፍሳሹም እንዳለ ወንዝ ገባ። የታች ሰፈር ሰዎች የሞቱ ሁለት ጥጆች ተሸክመው መጥተው በራችን ላይ ዘረጉልን።

ጋሽ ሽኩር በተመለሱ ዕለት አለቃችን ሁላችንን ሰብስቦ «ማነው ያስቆረጠው?» አለ። ጋሽ ሽኩር አንዴ አዩኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ስሄድ እጨዱት ብዬ ነበር።»

ተባረሩ። ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ሲወጡ ተከተልኳቸው። «ጋሽ ሽኩር፣ ምነው?»

«አንቺ እናትሽን ትጦሪያለሽ። ደሞ እንዴት እንደሚቆረጥ ሳልነግርሽ መሄዴ የኔም ጥፋት ነው። በይ ግቢ፣ እንዳያዩሽ።»

ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል እድገት መጣ፣ ዝውውር መጣ፣ እርጅና መጣ። እሳቸው በሰፈሩ «ወንዙን ያበላሸው ሰውዬ» እንደተባሉ ቀሩ።

ዘንድሮ አረፉ። ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ያኔ የወለደችው ልጃቸው ከድጃ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«አባባ ያንን ሸምበቆ እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። እሱ አያስቆርጠውም ወላሂ! አብራችሁ ነበራችሁ፤ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልኳት።

ሰው በሃያ ሁለት ዓመቱ ቢፈራ ይቅር ይባል ይሆናል። አሁንስ? አለቃ የለብኝ፣ የምጦራት እናቴም ካለፈች ቆየች። እስከዛሬ ራሴን ስጠይቅ ከርሜ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ ከድጃ የያዘችውን እጄን እንዳትለቀው ፈርቼ ነው።