ማን ቀረ?

ልጅ እያለሁ፣ ሀና ማርያም ከትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወት ሰባት ሴቶች ልጆች ነበርን። አለቃችን ሰብለ ነበረች። በአንድ ዓመት ነው የምትበልጠን፤ ቁጣዋ ግን የእናት ነበር። ከሱቁ የሳምቡሳ ሽታ መምጣት ሲጀምር ጨዋታውን ታስቆምና «ማን ቀረ?» ትለናለች። የቀረች ካለች ተሰብስበን ቤቷ እንሄዳለን። በሰፈራችን ሴት ልጅ ድንገት ከቀረች ደላላው ዕድሜዋን አስጨምሮ አረብ አገር ሊልካት ይሆናል።

ደላላውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ሁሉ ጭቃ ባለበት ሰፈር ጫማው አይቆሽሽም። ዛሬም ጫማው የማይቆሽሽ ሰው አላምንም።

አንድ ቀን ሰብለን ከሱቁ ጀርባ ከእሱ ጋር ስታወራ አየኋት። ስታየኝ ፈጥና ከአጠገቡ ራቀች። ከዚያ ወዲህ ነገረ ሥራዋ ሁሉ አላምር አለኝ። የሁላችንንም ቤት ለምን ታውቃለች? የማን እናት እንደታመመች ምን አስጠየቃት? ለልጆቹ «እየሸጠችን ነው» አልኳቸው። በማግስቱ «ማን ቀረ?» ስትል የመለሰላት የለም። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች፤ እኔም አለቃ ሆንኩ።

በሳምንቱ ትዕግስት ቀረች። እኔ አለቃዋ ፈራሁና ጨዋታውን ቀጠልኩ።

«እናንተ የት ነበራችሁ?» አሉን እናቷ በኋላ። «እኔን ደላላው ጎፋ ሰው ቤት ላስቀጥራት ነው ብሎኝ ነበር። ሰብለዬ ናት ሮጣ መጥታ እውነቱን የነገረችኝ። ስንት ቀን ሙሉ ትዕግስትን ተዋት እያለች ስትለምነው ከርማለች። ልጄን ከመኪናው ላይ ነው ያወረድኳት።»

አፈርኩ። ሰብለን ይቅርታ ሳልጠይቃት ክረምቱ ገባ፤ ቤተሰቧም ወደ ፉሪ ተዛወረ።

አሁን እኔም እናት ነኝ። ልጄ ጓደኞቿን ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ የማየው ጫማቸውን ነው፤ ይሄ አመሌ አልለቀቀኝም። ትዕግስት ሰባታችንንም ፈልጋ በቴሌግራም አሰባስባናለች። እሑድ እሑድ «ማን ቀረ?» ብላ ትጽፋለች፤ እኛም «አለሁ» እንላለን። ሰብለ ታነባለች፤ አትመልስም።

አሁንም የምትኖርበት ፉሪ ከእኔ ቤት በአንድ ታክሲ ነው። ቤቷ እንሂድ ያለ ግን እስካሁን የለም። እኔም አላልኩም።