ደጃፉ ላይ ያለው ሣር

በከተማችን የመጀመሪያዋ ሴት ቦክሰኛ ነኝ። ለመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ግጥሚያዬ ልሄድ ቦርሳዬን አንግቼ በር ስከፍት፣ አባቴን ከትውልድ መንደሩ ከኦቾሎ ከመጡ ሽማግሌዎች ጋር ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ሁሉም እርጥብ ሣር ይዘዋል። ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጠቡ እዚያው ይቆማል፤ አልፎት የሚሄድ የለም።

«ልጄ፣ ከዚያች ልጅ ጋር ታረቂ» አለኝ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ አላውቃትም። አልተጣላንም።»

«ታዲያ ሳትጣሉ ነው የምትደባደቡት?»

ሪንግ ውስጥ ገመዱ ላይ ሲያጣብቁኝ መውጫ አጥቼ አላውቅም። ያን ጭብጥ ሣር ግን መሻገር አቃተኝ። ውጭ የሚጠብቀኝ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ሄደ። ድሉም በፎርፌ ለተጋጣሚዬ ተሰጠ።

አባቴ ዛሬም ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ የታረቅኳት ልጅ ደህና መሆኗን ነው።